ያልታወቀ ሁለት ሺህ ብር

አባቴ የተቀበረ ዕለት ሁለት እድር ድንኳን ይዞ መጣ። አንደኛው የሰፈራችን እድር ነው። ሁለተኛውን ማናችንም አናውቀውም። ዳኛው ግን መዝገብ ይዘው ስለመጡ፣ አባቴ የእነሱ አባል እንደሆነና መዋጮውን አንድ ወር እንኳ ሳያስተጓጉል እንደከፈለ አሳዩን። ወዲያው አንዲት ሴት ጥቁር ለብሳ ገባችና ከእናቴ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ከጎኗ ሦስት ልጆች ተደረደሩ፤ ሦስቱም የእኔን አፍንጫ ይዘዋል። ለቀስተኛው ብዙ ስለነበር ሁለቱም ድንኳኖች ተተከሉ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ቤት ውስጥ ጮሆ የማያውቅ፣ አምሽቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ደመወዙ ጎድሎ ሲመጣና እናቴ ስትጠይቀው «ወጪ ነበረብኝ» ይላል። እናቴም ምን ወጪ ብላ አትጠይቅም፤ ጨዋ ሴት ናት። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨዋ ላለመሆን ወሰንኩ።

ይህን ያነሣሁት አንጀት ለመብላት አይደለም። ሰዎች ባልና ሚስት ሆናችሁ የቤት ወጪ የሚመዘግብ አፕ ምን አስፈለጋችሁ ሲሉኝ እውነተኛው መልስ ከዚህ ስለሚጀምር ነው። ለባሌ የነገርኩት ምክንያት ሌላ ነው፤ ደመወዛችን ወር በገባ በሃያኛው ቀን እያለቀ ነው አልኩት። እሱም እውነት ነበር። የፈራሁት ግን አንድ ቀን እኔም ሁለት ድንኳን እንዳይተከልብኝ ነው።

የተወለድኩት አዳማ ነው። ባሕር ዳር የመጣሁት አንድ ፋብሪካ ገንዘብ ያዥ አድርጎ ሲቀጥረኝ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ ካዝና መክፈት፣ መቁጠር፣ ካዝና መዝጋት ነው። በእኛ ሙያ ከሰው ጋር መነታረክ የለም። ገንዘቡ ከሰነዱ ጋር ይገጥማል፣ ወይም አይገጥምም። ካልገጠመ ጉድለት ይባላል፤ ጉድለት ደግሞ ከደመወዝ ይቆረጣል። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ጉድለት ተገኝቶብኝ አያውቅም። አንድ ቀን አምስት ብር ተርፎኝ ምሳ ሳልበላ ውያለሁ።

ባሌ የሐይቁ ዳር ሰው ነው፤ ቤተሰቦቹ ካህናት ናቸው። እስከ አሥራ ስድስት ዓመቱ ቅኔ ሲቆጥር ኖሮ ነው ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገባው፤ ዛሬ የቴክኒክ ኮሌጅ ተማሪዎችን ኤሌክትሪክ ያስተምራል። እነሱ ቤት የሰጡትን ማውራት ነውር ነው። አንድ ጊዜ ልንጠይቃቸው ሄደን አማቴ አገልግል በነጠላ ሸፍነው ወደ ቆሎ ተማሪዎቹ ጎጆ ሲወጡ «ወዴት ነው እማማ?» ብላቸው «ነፋስ ልቀበል ብዬ ነው» አሉኝ። አገልግል ይዞ ነፋስ ሲቀበል ሰው ያየሁት ያኔ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ያደገ ሰው ወጪውን እንዲመዘግብ ማድረግ ቀላል አይሆንም ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ወዲያው እሺ አለ። አዲስ ነገር ይወዳል።

ሒሳቡን የምንሠራው እሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ሻይ ቤት ነው። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሰው ባለበት መጮህ ስለማልችል ነው። የአምስት ዓመት ልጃችን አሣ የሚያጸዱትን ሰዎችና ትርፍራፊ የሚጠብቁትን ትልልቅ ወፎች ስታይ ታረፍዳለች። እኛ ስልካችንን ጠረጴዛው ላይ አጋድመን ጤፍ ስንት ገባ እንባባላለን። ሻዩንም እንመዘግበዋለን።

የመጀመሪያውን አፕ የመረጠው ባሌ ነው። የመረጠበት ምክንያት ነፃ መሆኑ ነው። እኔ ወጪውን እነግረዋለሁ፣ እሱ ይሞላል። ቀን ሲጠየቅ የእኛን ቀን፣ ዓመት ሲጠየቅ የእኛን ዓመት ሞላ፤ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት። አፑ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ነው፤ ሳይከራከር ተቀበለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዘይቱም፣ የቤት ኪራዩም፣ የልጃችን የመዋዕለ ሕፃናት ክፍያም እሷ ባልተወለደችበት ዓመት ላይ ሲመዘገብ ከረመ። አፑም በየሳምንቱ መጨረሻ በዚህ ወር ምንም ስላላወጣችሁ እንኳን ደስ አላችሁ የሚል መልእክት ይልክልናል። ባሌ አንዱን መልእክት ከፍ አድርጎ አነበበልኝና «እንዲህ ቆጣቢ መሆናችንን አላወቅሁም ነበር» አለ። ኪሳችንን አየሁት፤ ባዶ ነው። ያኔ ነው ስልኩን ከእጁ ወስጄ ዓመቱን ያየሁት።

ሁለተኛውን እኔ መረጥኩ። በአማርኛ የሚሠራ፣ የአዲስ አበባ ወጣቶች የሠሩት ነው አሉ። የወጪ ዓይነቶቹ ተደርድረው ይመጣሉ፤ ካፌ፣ ጂም፣ የውሻ ምግብ፣ ጉዞ። እድር የለም። የጽዋ ማኅበር የለም። ለቅሶ የሚባል ነገር የለም፤ እነዚያ ልጆች ገና ዘመድ አልሞተባቸውም መሰለኝ። ባሌና እኔ ተመካክረን እድሩን ኢንሹራንስ ውስጥ አስገባነው። ለቅሶውን የት እናድርገው ስንል «ሰው የሚገናኝበት ነገር ነው» ብሎ መዝናኛ ውስጥ አስገባው። ሌላ የሚቀርብ አጣሁና እኔም ተስማማሁ። በዚያ ወር ሦስት ሰው ሞተብን፤ ሁለቱ ከሥራ ቦታዬ፣ አንዱ ዘመድ። ወሩ ሲያልቅ አፑ መዝናናት አብዝታችኋልና ራሳችሁን ግቱ ብሎ መከረን። አጠፋሁት።

ሦስተኛውን የነገረኝ የፋብሪካችን ንብረት ክፍል ኃላፊ ነው። እሱ ከሚስቱ ጋር ይጠቀምበታል፤ ሁለት ጊዜ ሊፋቱ ደርሰው አፑ አስታርቋቸዋል። ሁለት ስልክ ያገናኛል። ባንክ የሚልከውን መልእክት ራሱ አንብቦ ይመዘግባል። እኛ የምንሞላው በእጃችን ያወጣነውን ብቻ ነው። የወጪ ዓይነት የምንፈጥረው ራሳችን ስለሆነ እድርም፣ ለቅሶም፣ ማኅበርም በየስማቸው ገቡ። ምንነቱ ያልተነገረውን ገንዘብ ደግሞ «ያልታወቀ» ብሎ በግራጫ ቀለም ለብቻው ያስቀምጠዋል። እንዲህ ያለ አፕ ነበር የምፈልገው፤ ገንዘብ ያዥ ማለት ነው።

በሁለተኛው ወር ግራጫው ውስጥ ሁለት ሺህ ብር ተቀምጦ አገኘሁ። ባሌ ከሒሳቡ በጥሬው ያወጣው ነው። ወደ ኋላ ሄጄ አየሁ፤ ባለፈውም ወር ሁለት ሺህ ብር አለ። የባንኩ የድሮ መልእክቶች ስልኩ ላይ ስለነበሩ አፑ እነሱንም አንብቧቸዋል፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ወሮችም አለ። ቀኑ በፈረንጅ ሲታይ አንዴ ወር መጀመሪያ፣ አንዴ ወር መጨረሻ ነው፤ ሥርዓት ያለው አይመስልም። ግድግዳ ላይ ካለው የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ጋር ሳመሳክረው ግን ሁሉም ሃያ ሦስት ቀን ላይ ዋለ። በየወሩ፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ሁለት ሺህ ብር።

እሑድ ጠበቅኩ። ሻይ መጣ። ልጃችን ወደ ወፎቿ ሄደች።

«ይሄ ሁለት ሺህ ብር ምንድን ነው?» አልኩት።

ስልኩን አየው፤ ከዚያ ሐይቁን አየ።

«ወጪ ነው» አለ።

ያችን የአባቴን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ምን ወጪ?»

«እሱን አልነግርሽም። ክፉ ነገር አይደለም። ያልታወቀ በዪው።»

«አፑ ነው የማያውቀው፣ እኔ ነኝ የማላውቀው?»

«ሁለታችሁም» አለና ሻዩን ጠጣ።

ትራንስፖርት ብሎ ቢጽፈው ኖሮ አላስተውለውም ነበር። ለጓደኛ አበደርሁ ቢለኝም እነጫነጫለሁ እንጂ አልፈራም። እሱ ግን መዋሸት አልፈለገም፤ መናገርም አልፈለገም። ውሸት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ውሸት ይመረመራል። አማቴ በአገልግል ነፋስ ሲቀበሉ ያየሁ ሰው፣ ነገሩን መጠርጠር አልነበረብኝም ወይ? ነበረብኝ። ፍርሃት ግን ማስረጃ አይቀበልም። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ያየሁት ፊት የአባቴን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወሮች የሚያሳፍሩኝ ናቸው። በሃያ ሦስት ማታ ሲመጣ ሸሚዙን አሸተትኩ። ሽቶ የለውም። እጁ ግን የልብስ ሳሙና ይሸታል። ባሌ በሰባት ዓመት ትዳራችን ካልሲ አጥቦ አያውቅም። ሽቶ ቢሆን ኖሮ እንደምንም እችለው ነበር፤ ለሌላ ሴት ልብስ የሚያጥብ ባል ግን ምን ተብሎ ይቻላል? ያን ማታ አልጋ ላይ ሆኜ ያልታጠቡትን ካልሲዎች አሰብኩ።

የእድራችንን ዳኛም ጠየቅኋቸው። ወርኃዊውን ልከፍል ሄጄ ዝም ብዬ የመጣልኝ ጥያቄ አስመስዬ «አባባ፣ ሰው ስንት እድር ሊገባ ይችላል?» አልኳቸው።

«ሞቱ አንድ ነው ልጄ፤ አንድ ይበቃዋል» አሉኝ።

ከጠየቅኩት በአራተኛው ወር ልጃችንን ትምህርት ቤት የሚያመላልሳትን ባለባጃጅ ያዝኩት። በወር የምንከፍለው ደንበኛችን ነው፤ ባሌም የሆነ ቦታ ሲሄድ እሱን ነው የሚጠራው። ክፍያውን እየቆጠርኩለት እግረ መንገዴን «ጋሼን በሃያ ሦስት የት ነው የምታደርሰው?» አልኩት። እንደማውቅ ሆኜ ነው።

«ዘንዘልማ ነዋ፣ እትዬ። ድልድዩን ተሻግረን፣ አዲሶቹ ቤቶች ጋ፣ ቀይ በር ያለው ግቢ አለ» አለ። አላቆመም። «አንዲት ሴትዮ ነች በሩን የምትከፍትላቸው። እኔ አውርጃቸው እመለሳለሁ። ሦስት ሰዓት ያህል ቆይተው ይደውሉልኛል።»

ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ሰጠሁት። ሁለቱንም ጊዜ ልክ ነበር።

በቀጣዩ ወር በሃያ አምስት፣ ጥርሴን አመመኝ ብዬ ከሥራ ቀረሁ። በሃያ ሦስት ብሄድ ባሌን እዚያው አገኘዋለሁ፤ ያንን ማየት አልፈለግኩም። ደንበኛችንን መጥራት አልችልም፤ ሳይውል ሳያድር ያወራል። ከፋሲሎ ሰፈር የማላውቀውን ባጃጅ ኮንትራት ያዝኩ፤ ጠብቆኝ ሊመልሰኝ በአራት መቶ ብር ተስማማን። ዓባይን ስንሻገር ባለባጃጁ ስለ ቤንዚን ሰልፍ እያማረረ ነበር። እኔ ውስጤ የምናገረውን ሳስተካክል ነበር። እናቴ ያላለችውን ሁሉ ልል ነው። ለዚያች ሴት የማቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ልጅ አለሽ ወይ የሚል ነበር።

ዘንዘልማ ግማሹ ገና እርሻ ነው፤ ግማሹ ብሎኬት ነው። ቀዩን በር ወዲያው አገኘሁት። አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ የእኔ ዕድሜ የምትሆን፣ ከእኔ ቀጠን ያለች ሴት ነች። ከኋላዋ ገመድ ላይ የወንድ ልብስ ተሰጥቷል። ቆጠርኩት፤ ልማድ ነው። ሁለት እጀ ጠባብ፣ አንድ ሱሪ፣ አንድ ጋቢ።

ያዘጋጀሁትን ንግግር ተውኩት። «የሚከራይ ቤት ፈልጌ ነበር» አልኩ።

«ግቢ፣ ግቢ» አለችኝ። «አንዲት ክፍል አለች፣ ባዶ ናት። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ግቢውን አከራይቼ ነው የምኖር። ይችኛዋን የኔታ ናቸው የያዟት።»

«የኔታ?»

«የቅኔ መምህር ነበሩ፣ እዚያ ደሴቱ ላይ። ዓይናቸው ቢጠፋ ጊዜ ለሕክምና መጡና እዚሁ ቀሩ። ዘመድ የላቸውም። አንድ የድሮ ተማሪያቸው ነው ያስጠጋቸው። በጊዮርጊስ በጊዮርጊስ እየመጣ ኪራዩን ይከፍላል፣ ልብሳቸውን ያጥባል፣ መጽሐፍ ያነብላቸዋል። እኔ አጥባለሁ ስለው ሞቼ እገኛለሁ አለኝ።» ገመዱን እያየች ሳቀች። «አያስለቅቀውም እኮ። እሱ ሲሄድ ደግሜ አለቀልቀዋለሁ።»

ግድግዳውን ያዝኩ። እሷ ቤቱን የምለካ መስሏት ስፋቱን ነገረችኝ። ሌላ ሴት የለችም። ሦስት ልጆች የሉም። ያጠበው የሽማግሌ ልብስ ነው።

እዚያ ላይ መመለስ ነበረብኝ። ግን ጎን ካለው ክፍል ደጃፍ፣ ፀሐይ ላይ የተቀመጡ ነጭ ጥምጥም ያሰሩ ሽማግሌ «ማን ናት?» አሉ።

«ቤት ፈላጊ ናት፣ የኔታ።»

«ነይ ልጄ፣ ቅረቢ። አገርሽ ወዴት ነው?»

«አዳማ ነው አባቴ።»

«ከሩቅ መጥተሻል። ስመ ክርስትናሽን ንገሪኝና ልባርክሽ።»

ስሜን ቢጠይቁኝ ልዋሽ ተዘጋጅቼ ነበር። የክርስትና ስሜን የሚጠይቀኝ ይኖራል ብዬ ግን አላሰብኩም። ያንን ስም የሚያውቁት እናቴ፣ የንስሐ አባቴና ባሌ ብቻ ናቸው፤ ብዙ ሰው የሚይዘው ስምም አይደለም። ለካህን ደግሞ አይዋሽም። ነገርኳቸው።

የኔታ አልባረኩኝም። መስቀላቸውን ከፍ አድርገው የያዙበት እጅ እንዳለ ቀረ።

«ይችን ስም አውቃታለሁ» አሉ። «በየዕለቱ የማነሣት አንዲት ሴት ናት ይህ ስም ያላት። የተማሪዬ ባለቤት ናት። ይችን ቤት የምትከራይልኝ፣ ይህን የለበስሁትን ያለበሰችኝ እሷ ናት።»

«እሷ ራሷ እየመጣች?»

«አይ፣ እሱ ነው የሚያመጣው። ‹ገንዘቡ የእሷ ነው፣ እኔ መልእክተኛ ነኝ፣ በእሷ ስም ይጸልዩ› ነው ያለኝ።»

እኔ እንደዚያ ያለ መልእክተኛ አልላክኩም። የኪራዩን ዋጋ አላውቅም፣ የኔታ በሕይወት መኖራቸውን አላውቅም። ሁለት ሺህ ብር ሳወጣ የኖርኩት ሳላውቀው ነው። መጠየቅ እንደሌለብኝ እያወቅኩ ጠየቅኩ።

«ምን ብለው ነው የሚጸልዩላት?»

መስቀሉን ጭናቸው ላይ አኖሩት። ቤቱን ታሳየኝ የነበረችው ሴት ወደ ውስጥ ገብታለች።

«የሰው ገመና ነው» አሉ። «ስሟን ለያዘች ሰው ብነግር ግን ገመና ያወጣሁ አይመስለኝም። ፍርሃት አለባት ብሎኛል። በልጅነቷ ያስደነገጣት ነገር አለ። ሌሊት ትባንናለች፤ ስትባንን ዓይኗን ሳትገልጥ በእጇ ትፈልገኛለች አለኝ። መኖሬን ስትነካ ነው ተመልሳ የምትተኛ አለኝ። ይኽን ፍርሃት ያርቅላት ዘንድ ነው የምለምን።»

በእጄ እንደምፈልገው አላውቅም ነበር። ማንም ነግሮኝ አያውቅም። እሱ ሰባት ዓመት ሙሉ እየነቃ፣ እጄ እስኪያገኘው ጠብቆ፣ ጠዋት ተነሥቶ ምንም እንዳልሆነ ቁርሱን በልቶ ወደ ሥራ ይሄድ ነበር። እዚያ ግቢ ውስጥ፣ የማላውቃቸው ሽማግሌ ፊት፣ ድምፅ ሳላሰማ አለቀስኩ። አላዩኝም ብዬ ነው።

ገንዘብ ያዥ ነኝና በኋላ ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። በወር ሁለት ሺህ ብር እየተከፈለ ይርቅልኝ ዘንድ የሚጸለይልኝ ፍርሃት፣ ያ ሁለት ሺህ ብር አምስት ወር ሙሉ ሲያባብሰው የነበረው ፍርሃት ነው። እንዲህ ያለ ሒሳብ በፋብሪካችን መዝገብ ላይ ገጥሞኝ አያውቅም።

እጃቸውን ይዤ መስቀላቸውን ተሳለምኩ። ልሄድ ስነሣ «ልጄ» አሉኝ። «ቤቱን የምትከራይው አልመሰለኝም።»

«አልከራየውም፣ የኔታ።»

«ግድ የለም። እሱ ቢጠይቀኝ፣ እኔ እንደሆንሁ አላየሁሽም።»

ባጃጁ ውስጥ ቁጭ ብዬ ለባሌ እንዴት እንደምነግረው አሰብኩ። ድልድዩ ጋ ስደርስ እንደማልነግረው ገባኝ። እሱ ባደገበት ቤት የተነገረ ስጦታ ስጦታ መሆኑ ይቀራል። አየሁህ ብለው የሠራውን ሁሉ አበላሽበታለሁ፤ በሃያ ሦስት ሲሄድ ተሸማቆ ይሄዳል። ከዚያም በላይ፣ እዚያ ግቢ ምን ፍለጋ እንደሄድኩ መናገር አለብኝ። ሴት ፍለጋ ነው። ሰባት ዓመት እጄን ሲጠብቅ የኖረን ሰው ይህን ልለው አልችልም። ስለዚህ ዝም እላለሁ፤ ከዚህ በኋላ ቤታችን ውስጥ የሚደብቅ ሰው እኔ ነኝ። ለባለባጃጁ አራት መቶ ብሩን ከፈልኩት። ደረሰኝ አልጠየቅኩም፤ ባጃጅ ደረሰኝ የለውም።

እሑድ ሐይቁ ዳር ተቀመጥን። ነፋስ ነበር፤ እምቦጩ ወደ ዳር ተገፍቶ መጥቷል። ልጃችን አንዱ ወፍ ከሌላው አፍ አሣ ሲነጥቅ አይታ ልትነግረን ሮጣ መጣች፣ ሮጣ ሄደች። ባሌ ስልኩን አጋድሞ የሳምንቱን ይቆጥራል። ለእጅ ወጪ ብዬ ሺህ ብር ነበር የወሰድኩት። ያወጣሁትን በየተራ ነገርኩት፤ ሳሙና፣ የልጃችን እርሳስና ደብተር፣ ቲማቲም፣ የታክሲ። ደመረው። እንደገና ደመረው። እኔ ተሳስቼ ስለማላውቅ የተሳሳተው እሱ መስሎታል።

«አራት መቶ ብር ጎደለ» አለ።

«አዎ።»

«ምን እንበለው?»

የምለው ነገር ሞልቷል። ጥርስ ሐኪም ልል እችላለሁ፤ በዚያ ሳምንት ጥርሴን እንዳመመኝ መሥሪያ ቤት ሁሉ ያውቃል። ትራንስፖርት ብልም ውሸት አይደለም። ፊቱን አየሁት። ይህ ሰው ለእኔ አንድም ቀን አልዋሸም። በአሥራ ሁለት ዓመት ሥራዬ ሳላየው የኖርኩት ጉድለት ባሌ ፊት ተገኘብኝ።

«የማልነግርህ ነገር ነው» አልኩት። «ክፉ አይደለም።»

ቀና ብሎ አየኝ። ምን ወጪ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። ምን ወጪ ቢለኝ ሁሉንም ዘርግፌ እነግረው ነበር፤ ዝም ብዬ ለመቆየት የቀረኝ ጉልበት ትንሽ ነበር። እሱ ግን አልጠየቀኝም። አውራ ጣቱን አንሥቶ አራት መቶውን ብር ከሁለት ሺህ ብሩ አጠገብ፣ ግራጫው ውስጥ አስገባው። እኔ ለእሱ አምስት ወር ያቃተኝን ነገር፣ እሱ ለእኔ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አደረገው።

«እሺ፣ ሽንኩርት ስንት ገባ?» አለኝ።